የቼሻየር አውራጃ የበጎ ፈቃድ ፈረሰኞች፤ ታሪካቸውና ልማዳቸው



ዛሬ በፊታችሁ ለመናገር የመረጥኩት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከእኛ ኑሮ የራቀ ይመስላል። ይኸውም በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው የቼሻየር አውራጃ ከ1797 ጀምሮ ያቆመው የበጎ ፈቃድ ፈረሰኛ ጦር ታሪክና ልማድ ነው። የአንድ ሩቅ አገር አውራጃ ጦር ነገር ለመምህራን ጉባኤ መቅረቡ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ መልሴ እንደሚከተለው ነው። ይህ ጦር ገበሬው፣ ባለርስቱና ነጋዴው በገዛ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አገሩን ለመጠበቅ የወጣበት ጦር ነው። ስለዚህም የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። ነገር ግን በዚያው ክንድ በጎረቤቶቹ ላይ ጎራዴ የመዘዘበት ቀንም አለ። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች አንዱን በሌላው ሳይሸፍኑ አንድ ላይ ይዞ ማስተማር፣ የታሪክ መምህር ከሚገጥሙት ፈተናዎች ሁሉ የከበደው ነው ብዬ አምናለሁ።

በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ጦር «ዮማንሪ» ይሉታል። «ዮማን» ማለት በጥንቱ አነጋገራቸው ከመኳንንት ያልተቈጠረ፣ ነገር ግን የማንም ጭሰኛ ያልሆነ፣ የራሱን መሬት የሚያርስ ባለርስት ገበሬ ማለት ነው። የጦሩ መነሻ የፈረንሣይ አብዮት ነው። በ1793 ፈረንሣይ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፣ የእንግሊዝ መደበኛ ሠራዊት በቍጥር አነስተኛ ነበር፤ ጠላትም ባሕሩን ተሻግሮ ይመጣል የሚል ፍርሃት በአገሩ ሁሉ ነገሠ። በ1794 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት የየአውራጃው ሰው በፈቃዱ እየተሰበሰበ የፈረሰኛ ጦር እንዲያቆም ጠየቁ። በየአውራጃው የንጉሡ እንደራሴ የሆነው ታላቅ መኰንን ጥሪውን አስተላለፈ፤ መኳንንቱና ባለርስቶቹም ጭሰኞቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ወጡ። ከነዚህ ጦሮች ሁሉ በማዕርግ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው በዚያው በ1794 የተቋቋመው የዊልትሻየር ዮማንሪ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሰውየው ፈረሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ መንግሥት ደግሞ የጦር መሣሪያ ይሰጠዋል። ወደዚህ ጦር የገባ ሰው በዕጣ ወደ ሚሊሻ ከመመልመል ነፃ ይሆናል፤ ለሥልጠና የሚያቀርበውም ፈረስ ከፈረስ ግብር ይማርለታል። እንግዲህ አገልግሎቱ በፈቃድ ይሁን እንጂ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈረስ ማቆየት የሚችል ሰው ድኻ አይደለም። ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ የማነሣው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

የገዛ ፈረስን ይዞ መዝመት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ክተት በታወጀ ጊዜ ባላገሩ ፈረሱን፣ ጋሻውንና ስንቁን ይዞ ይከተል እንደ ነበረ ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተናል። ፈረስ የጌታው ክብር በመሆኑም መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን ያልሰማ ተማሪ የለም። ስለዚህ የቼሻየር ገበሬ በፈረሱና በጎራዴው የተሰማው ኵራት ምን ዓይነት እንደ ነበረ ለተማሪዎቻችን ማስረዳት አይቸግርም።

በ1797 የካቲት ወር የተፈራው ነገር ደረሰ። 1400 ያህል የፈረንሣይ ወታደሮች፣ ዊልያም ቴት በሚባል አሜሪካዊ ኰሎኔል እየተመሩ፣ በዌልስ ምዕራባዊ ጠረፍ ፊሽጋርድ በሚባል ስፍራ አጠገብ ወረዱ። ሎርድ ካውዶር የአካባቢውን ፈቃደኛ ፈረሰኞችና ሌላውንም የተገኘውን ኃይል ሰብስበው ገጠሟቸው፤ ፈረንሣዮቹም በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ሰጡ። ለዚህ ሥራ የፔምብሮክ ዮማንሪ በ1853 «ፊሽጋርድ» የሚለውን የጦር ሜዳ ስም በክብር እንዲይዝ ተፈቀደለት። በብሪታንያ ደሴት መሬት ላይ ለተደረገ ውጊያ እንዲህ ያለ ክብር የተሰጠው ጦር እርሱ ብቻ ነው።

የቼሻየር ጦር የተቋቋመውም በዚሁ ዓመት ነው። ያቋቋሙት የታብሊ ባለርስት የነበሩት ሰር ጆን ሌስተር ናቸው። የዌልስ ልዑል ከማዕርጎቻቸው አንዱ «የቼስተር ጌታ» የሚል በመሆኑ ጦሩ ከአልጋ ወራሹ ጋር ዝምድና ነበረው፤ በ1803ም የልዑሉን ስምና የሦስት ላባ ምልክታቸውን እንዲይዝ ተፈቀደለት። እነዚያ ላባዎች እስከ ዛሬ የጦሩ መለያ ናቸው።

ልማዱም እየዳበረ ሄደ። ጦሩ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት በአንድ ከተማ ይሰበሰባል። ገበሬው እርሻውን ለቤተ ሰቡ ትቶ፣ ፈረሱን አጥቦና ቀሽሮ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ይመጣል። በቀን ሰልፍና የጎራዴ ልምምድ፣ በማታ ግብርና ጭፈራ፣ በመጨረሻም የፈረስ እሽቅድምድም ይደረጋል። አባት ያገለገለበት ጓድ ውስጥ ልጅ ይገባል፤ ባለርስቱ ሹም፣ ጭሰኛው ወታደር ሆኖ ይሰለፋል። በሰላም ጊዜ የነበረው የአውራጃው የኑሮ ሥርዓት እንዳለ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል ማለት ይቻላል። ጠንካራ ያደረገው ይህ ነው፤ አደገኛም ያደረገው ይኸው ነው።

ክቡራን ሆይ፤

የናፖሌዎን ጦርነት በ1815 በዋተርሉ ድል ከተፈጸመ በኋላ የውጭ ጠላት ፍርሃት ቀረ። ነገር ግን ጦሩ አልተበተነም። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የዛሬው ዓይነት የፖሊስ ኃይል አልነበረም፤ የሎንዶን ፖሊስ እንኳ የተቋቋመው በ1829 ነው። ሕዝብ በታወከ ጊዜ የየአካባቢው ዳኞች የሚጠሩት ወታደር ነበር፤ ከወታደርም የሚቀርባቸው ዮማንሪው ነው። ከጦርነቱ በኋላ የእህል ዋጋ ተወደደ፤ የሸማኔው ደመወዝ ወደቀ። ማንቸስተር ትልቅ የፋብሪካ ከተማ ሆና ሳለች ለራሷ አንድ የፓርላማ እንደራሴ እንኳ አልነበራትም። በ1817 መጋቢት ወር የጥጥ ሠራተኞች ለመኝታ የሚሆን ብርድ ልብስ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ሎንዶን በእግራቸው አቤት ለማለት ሲነሡ፣ በስቶክፖርት ላይ መንገዳቸውን ከዘጉባቸው መካከል የቼሻየር ፈረሰኞች ይገኙ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1819፣ በማንቸስተር ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ 60,000 ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። ከየመንደሩ የመጡት ሰዎች በሰልፍና በሙዚቃ፣ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሴቶቹም ብዙዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ነበር። የመጡበትም ምክንያት የፓርላማ ምርጫ እንዲሻሻል ለመጠየቅና ሄንሪ ሀንት የተባለውን ተናጋሪ ለመስማት ነው። ዳኞቹ ከአንድ ቤት መስኮት ሆነው ሕዝቡን ሲመለከቱ ቆዩና ሀንት እንዲያዝ አዘዙ። ለመያዝ የተላኩት የማንቸስተርና የሳልፎርድ ዮማንሪ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት የተደራጁ፣ አብዛኞቹ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ባለቤቶችና የመጠጥ ቤት ጌቶች ነበሩ። ጎራዴያቸውንም በዚያ ክረምት አስለውት ነበር።

ስልሳ ያህሉ ወደ ሕዝቡ መካከል ገቡ። ገና ወደ ሜዳው ሲገሰግሱ አንዱ ፈረሰኛ አንዲት እናት ታቅፋው የነበረውን የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ዊልያም ፊልድስን፣ ከእቅፏ አስጥሎ ገደለው። የዚያ ቀን የመጀመሪያው ሙት እርሱ ነው። ፈረሰኞቹ እስከ መድረኩ ደርሰው ሀንትን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሰው ማዕበል ተከበቡና ፈረሶቻቸው ታወኩ። እነርሱም በጎራዴ ግራና ቀኝ መምታት ጀመሩ። ዳኞቹ ይህን አይተው ሕዝቡ ጥቃት እንዳደረሰባቸው ቈጠሩና መደበኛውን 15ኛውን የሁሳር ፈረሰኛ ጦር አዘዙ። በሜዳው በስተደቡብ ቆመው የነበሩት 400 ያህል የቼሻየር ፈረሰኞችም ሕዝቡን ለመበተን አብረው ገቡ። ከሩብ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ በላዩ የቀረው የወዳደቀ ቆብ፣ ጫማ፣ ሻርፕና የተጎዳ ሰው ብቻ ነበር።

የሞቱት ከ15 እስከ 18 ይቈጠራሉ፤ የቈሰሉት ከ400 እስከ 700 ይደርሳሉ። ከሞቱት አንዱ ጆን ሊስ የተባለ የኦልዳም ከተማ ሰው ሲሆን በዋተርሉ ተዋግቶ በሕይወት የተመለሰ ወታደር ነበር። ከፈረንሣይ ጥይት ተርፎ በአገሩ ሰው ጎራዴ ሞተ። ሰዎችም ነገሩን ለመሳለቅ የሜዳውን ስም ከዋተርሉ ጋር አጣምረው «ፒተርሉ» አሉት፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ከዚያ ቀን ጥቂት ነገሮችን ለይተን ማየት ይገባናል። መጀመሪያ፣ መደበኛው ወታደርና ፈቃደኛው ፈረሰኛ ያደረጉት አንድ አልነበረም። ሁሳሮቹም ሰው ጎድተዋል፤ ነገር ግን ከነርሱ መኰንኖች አንዱ ሕዝቡ መውጫ እንዳጣ አይቶ ዮማንሪውን ተዉ ብሎ እንደ ገሠጸ በምስክርነት ተነግሯል። ወታደሩ ጭንቅ ባለበት ስፍራ ፈረሱን መግታት ሲለምድ ኖሯል፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚለማመደው ነጋዴ ግን አልቻለም። ሁለተኛ፣ ወታደሩ ከሕዝቡ ማንንም አያውቅም ነበር፤ ዮማኑ ግን ያውቃል። ባለፋብሪካው የራሱን ሸማኔ፣ ባለመጠጥ ቤቱ ዕዳ ያለበትን ደንበኛውን፣ በጋዜጣ የሰደበውንም ሰው በፊቱ አየ። በሜዳው ላይ ሰዎች በስማቸው እየተጠሩ እንደ ተመቱ የተናገሩ ምስክሮች አሉ።

የአገሬው ሰው አገሩን ያውቃል፤ ስለዚህም ከማንም ይልቅ ይጠብቀዋል እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን አገሬው ሲባል ሁሉም አይደለም። ፈረስ ያለውና ፈረስ የሌለው በአንድ አገር ይኖራሉ። ጦሩ ባለፈረሱን ብቻ ከያዘ፣ የውጭ ጠላት በሌለ ጊዜ ጎራዴው ወደ ማን እንደሚዞር አስቀድሞ የታወቀ ነው። በፊሽጋርድ ያዳነው ባሕርይ፣ ማለትም ቅርበቱ፣ በፒተርሉ ገደለ።

መንግሥት የሰጠው መልስም መታወስ አለበት። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ሲድማውዝ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ልዑል ለዳኞቹና ለወታደሮቹ ያቀረቡትን ምስጋና አስተላለፉ። ሄንሪ ሀንት የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ከተመቱት አንዱ በ1822 አራት የማንቸስተር ዮማኖችን ቢከስም ፍርድ ቤቱ ለተከሳሾቹ ፈረደ። የማንቸስተርና የሳልፎርድ ዮማንሪ በ1824 ተበተነ። ሕዝቡ በዚያ ሜዳ ከጠየቀው ነገር ጥቂቱ የተፈጸመው ከ13 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1832 በወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ማንቸስተር ሁለት እንደራሴዎች አገኘች። የቼሻየር ጦር ግን አልተበተነም፤ ስለዚህ ታሪኩን እንከተለው።

በ1899 ታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ሠራዊት በደቡብ አፍሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ በቦዎር ገበሬዎች ተሸነፈ። ቦዎሮቹ ራሳቸው በገዛ ፈረሳቸው የሚዘምቱ፣ ጠመንጃ የለመዱ ባላገሮች ነበሩ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ተመሳሳይ ሰዎች አሉኝ ብሎ ወደ ዮማንሪው ፊቱን መለሰ። «ኢምፔሪያል ዮማንሪ» የሚባለው የዘመቻ ጦር በዚያው ወር ታወጀ፤ መጀመሪያ የሄዱት 10,000 ያህል ናቸው። ከቼሻየር 21ኛውና 22ኛው ሻምበል ተውጣጡ። በዚህ ዘመቻ ጎራዴው ለጠመንጃ ስፍራውን ለቀቀ፤ ፈረሱም ሰውን ወደ ውጊያው ማድረሻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ሪቻርድ ሆልዴን በ1907 ባወጡት ሕግ መሠረት፣ ዮማንሪው ከሚያዝያ 1908 ጀምሮ ከሌሎቹ ፈቃደኞች ጋር «የግዛት ጦር» በሚባል አንድ ድርጅት ውስጥ ገባ። ሰዎቹ በሕግ የተገደዱት አገር ውስጥ ለማገልገል ብቻ ነበር። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ውጭ ለመዝመት ይፈቅዱ እንደ ሆነ እያንዳንዳቸው ተጠየቁ፤ እጅግ ብዙዎቹም ፈርመው ተነሡ።

የቼሻየር ሰዎች በ1916 ወደ ግብፅ ተሻገሩ፤ ነገር ግን ፈረሶቻቸውን አልያዙም። በ1917 መጋቢት ወር ከጎረቤታቸው ከሽሮፕሻየር ዮማንሪ ጋር ተቀላቅለው የእግረኛ ሻለቃ ሆኑና 74ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ገቡ። ይህ ክፍለ ጦር በሙሉ ፈረስ ካጡ ዮማኖች የተሠራ ስለ ነበረ፣ ምልክቱን የተሰበረ የፈረስ እሾህ፣ ማለትም የጋላቢ ተረከዝ ላይ የሚታሰር መኰርኰሪያ አደረገ። በራሳቸው ላይ እንዲህ መቀለዳቸው ልማድ እንዴት እንደሚወለድ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች በጋዛና በኢየሩሳሌም ዘመቻ በእግራቸው ተዋጉ፤ በ1918ም ወደ ፈረንሣይ ተሻግረው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቆዩ።

በዚያው በፍልስጥኤም ምድር ፈረሳቸውን ያላጡ ሌሎች የአውራጃ ጦሮች ነበሩ። ኅዳር 8 ቀን 1917 ሁጅ በሚባል ስፍራ ከ200 የሚያንሱ የዎሪክሻየርና የዉስተርሻየር ዮማኖች በተመዘዘ ጎራዴ በመድፍና በመትረየስ ላይ ጋለቡ። መድፎቹን ማረኩ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ግማሽ የሚያህሉት ሞቱ ወይም ቈሰሉ። ገበሬዎች፣ የሕግ ጸሐፊዎችና ባለሱቆች የነበሩት እነዚህ ሰዎች ያሳዩት ድፍረት በማንኛውም ሚዛን ቢመዘን ድፍረት ነው። የፒተርሉ ታሪክ ይህን አይፍቀውም፤ ይህም ፒተርሉን አይፍቀውም።

ከጦርነቱ በኋላ መኪና ፈረስን አሸነፈ። በማዕርግ ቀዳሚ የሆኑት 14 የዮማንሪ ጦሮች ብቻ ፈረሰኛ ሆነው እንዲቀሩ ተወሰነ፤ የቀሩት መድፈኛ ወይም ብረት ለበስ ሆኑ። ቼሻየር ፈረሱን ከጠበቁት መካከል ነበር። በ1940 ከሺሕ ከሚበልጡ ሌሎች ፈረሶች ጋር ፈረሶቹ በባቡር ፈረንሣይን አቋርጠው፣ ከማርሴይ በመርከብ ወደ ፍልስጥኤም ደረሱ። በ1941 ሰኔና ሐምሌ በቪሺ መንግሥት እጅ በነበሩት በሶርያና በሊባኖስ ላይ በተደረገው ዘመቻ፣ የቼሻየር ዮማንሪ መኪና ሊወጣው በማይችለው ተራራ ላይ በፈረስ ሄዶ ከአውስትራሊያ ወታደሮች ጎን ተሰለፈ። በፈረስ ላይ ሆኖ በዘመቻ የተሳተፈው የመጨረሻው የብሪታንያ ሬጅመንት እርሱ መሆኑ ይነገርለታል። በ1942 ፈረሶቹን አስረከበ፤ ሰዎቹም የመልእክት መገናኛ ሠራተኞች ሆኑ።

በ1941 በእኛም አካባቢ የፈረሰኛው ዘመን ሲያበቃ ታየ። ጥር 21 ቀን 1941፣ ከከሰላ ወደ አቆርደት በሚወስደው መንገድ በከሩ፣ አመደዮ ጉዬት የተባለው የጣልያን መኰንን ከዚሁ ከአካባቢያችን የተመለመሉ ፈረሰኞችን አስከትሎ፣ በመድፍና በመኪና ይገሠግሥ በነበረው የእንግሊዝ ጦር ላይ ጋለበ። የእንግሊዝ ሠራዊት በፈረስ ከተገጠመባቸው የመጨረሻዎቹ ጊዜያት አንዱ ነው። የመኰንኑ ስም በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ በመድፉ አፍ የወደቁት የአገራችን ልጆች ስም ግን በብዙው አልተጻፈም። እነርሱ በማን ፈቃድ፣ ስለ ማን አገር ሞቱ ብሎ መጠየቅ ስለ ፈቃደኛ ጦር የሚናገር ሰው ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ ነው።

ዛሬ የቼሻየር ዮማንሪ ራሱን የቻለ ሬጅመንት አይደለም። ስሙና ሦስቱ ላባዎች የሚኖሩት በብሪታንያ ተጠባባቂ ሠራዊት ውስጥ፣ «የንግሥቲቱ ዮማንሪ» በሚባለው ጦር ባለው አንድ ሻምበል ነው። ሰዎቹ በሳምንቱ ቀናት በየሥራቸው ውለው በትርፍ ጊዜያቸው በመኪና ላይ ይለማመዳሉ። የቀድሞው ጦር ልብስ፣ ጎራዴና ሜዳሊያ በቼስተር ከተማ በወታደራዊ ሙዚየም ይታያል። በክብር ዝርዝሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ጋዛ፣ ኢየሩሳሌምና ሶርያ ተጽፈዋል። 1819 አልተጻፈም፤ ሊጻፍም አይችልም፤ ያ ዝርዝር የተሠራው ለክብር ነውና።

እንግዲህ ያልተጻፈውን የሚይዘው ማን ነው? በማንቸስተር የሆነውን ልንገራችሁ። በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ በነበረበት ስፍራ ለብዙ ዘመን አንድ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። በሰሌዳው ላይ ሕዝቡ ስለ መሰብሰቡ ከተነገረ በኋላ፣ ጉባኤው በወታደር ስለ መበተኑ ተጽፎ ነበር እንጂ ስለ ሞተ ሰው አንድም ቃል አልነበረም። የከተማው ሰዎች ይህ አይበቃም ብለው ሲከራከሩ ቆይተው በ2007 ሰሌዳው በቀይ ተተካ። አዲሱ ሰሌዳ በሰላም የተሰበሰቡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች በታጠቁ ፈረሰኞች መጠቃታቸውን፣ የሞቱትና የቈሰሉት ስንት እንደ ሆኑም ይናገራል። በ2019 ደግሞ ሁለት መቶኛው ዓመት ሲሞላ፣ የሙታኑ ስም የተቀረጸበት የድንጋይ መታሰቢያ ተሠራ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች ዮማንሪውን አልሻሩትም፤ ሙዚየሙንም አልዘጉትም። የጎደለውን ሞሉ።

ክቡራን መምህራን፤

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆኑ ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ቃላት ነው። በአማርኛችን «ሕዝቡ ተበተነ» ማለት ቀላል ነው፤ ማን እንደ በተነው ሳይነገር ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ይሆናል። «ፈረሰኞች ሕዝቡን በጎራዴ መቱ» ስንል ግን አድራጊውም ተደራጊውም በግልጽ ይቆማሉ። ተማሪዎቻችን የታሪክ መጽሐፋቸውን ሲያነቡ «ተገደሉ»፣ «ጸጥታ ተመለሰ»፣ «ዐመፁ በረደ» የሚሉትን ግሦች እያወጡ፣ ማን ገደለ፣ ማን መለሰ፣ እንዴት በረደ ብለው እንዲጠይቁ እናሠልጥናቸው። ይህ የታሪክም የሰዋስውም ትምህርት ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ድፍረትንና ፍትሕን ለይቶ ስለ መመዘን ነው። ተማሪ አያቱ ጀግና እንደ ነበረ ሲነገረው ደስ ይለዋል፤ ደስታውን ልንነጥቀው አይገባም። ነገር ግን ጀግንነቱ በምን ሜዳ፣ በማን ላይ፣ በማን ትእዛዝ እንደ ነበረ እንዲመረምር እናግዘው። ሁጅንና ፒተርሉን በሁለት ተከታታይ ቀናት ያስተማረ መምህር፣ አንድ ዓይነት ጦር በአንዱ ቀን ሊመሰገን በሌላው ሊወቀስ እንደሚችል ያለ ብዙ ስብከት ያስረዳል።

ሦስተኛው ስለ ራሳችን ታሪክ ነው። በአዊ፣ በእንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእኛ አቆጣጠር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሶቹ አጊጠው፣ ጋላቢዎቹም በማዕርግ ተሰልፈው ይታያሉ፤ በዓድዋ ዘመቻ የዋለው ፈረስም ይታሰባል። ይህ ሕያው ልማድ ነው። በሌሎችም አውራጃዎች፣ በሐረርም በአርሲም በሸዋም፣ የፈረሰኛ ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ተማሪዎች በአክብሮት ሄደው ይጠይቋቸው፤ የሚሰሙትንም ይጻፉ። ሲጠይቁ ግን ፈረሰኛው ወጥቶ ጠላትን ስለ መለሰበት ቀን ብቻ አይጠይቁ፤ ፈረሰኛ መጣ ሲባል እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ስለ ሸሹበት ቀንም ይጠይቁ። ባለፈረሱን የጠየቀ ተማሪ እግረኛውንም ይጠይቅ።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የምለው አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። እንዲህ ያለ ትምህርት ሲጀመር የሚያዝን ወላጅ፣ የሚቈጣ ሹም አይጠፋም። በዚያን ጊዜ መምህሩ ለብቻው እንዳይቆም አደራ እላለሁ። ማስረጃውን ይዞ፣ ቃሉን መጥኖ፣ የሁለቱንም ወገን ነገር ያቀረበ መምህር የአገሩን ስም አላጎደፈም። በማንቸስተር ሰማያዊው ሰሌዳ በቀይ እስኪተካ ድረስ 188 ዓመት አልፏል። እኛ ግን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ዛሬ ልንጀምር እንችላለን።